ከማንጎው ሥር ያለው መሬት

መሬቱን የሰጡኝ ምንም አይበቅልበትም ብለው ነው። አባታችን ሞቶ ንብረት ስንካፈል ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ የማንጎ ዛፎቹን ከነፍሬያቸው ወሰደ። ታናሻችን ሹፌሩ ቤቱን ወሰደ። ትዳሬን ፈትቼ የተመለስኩት እኔ ደግሞ ጥግ ላይ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ የሚያየኝ ጠፋ።

"እኔስ?" አልኩ።

ጋሼ ፈገግ አለ። "ከዛፎቹ ሥር ያለውን መሬት ውሰጂ። ሲሞቅሽ ትቀመጪበታለሽ።"

ለምስክርነት የተጠሩት ጎረቤቶች ሳቁ። ሹፌሩም ሳቀ። እኔ ግን "ይጻፍልኝ" አልኩ። ቀልዱን ለመጨረስ ያህል ጻፉልኝ፤ ሁላችንም ፈረምንበት።

ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ግን የማውቀውን አውቅ ነበር። ለዓመታት የሠራሁት ከተማ ውስጥ አንድ የቅመማ ቅመም ወፍጮ ቤት ነው። እርድ ስለቅም፣ ስፈጭ፣ ስነፋ እጄ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። የቀድሞ ባሌ ጉበቴን ያመመኝ መስሎት ሐኪም ቤት ሊወስደኝ ነበር፤ ካደረገልኝ ደግ ነገር የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው። እርዱን በጆንያ የሚያመጡልን ገበሬዎች ተራ ሲጠብቁ የሚያወሩትን እሰማ ነበር። እርድና ዝንጅብል የቀትር ፀሐይ ሲያርፍባቸው ይንገበገባሉ፤ የፍሬ ዛፍ ጥላ ግን ይስማማቸዋል። ብዙዎቹ የሚተክሉትም እዚያው ዛፎቻቸው መሃል ነበር።

ዝናቡ እንደጀመረ ከእነዚያው ገበሬዎች ማቆጥቆጥ የጀመረ የእርድና የዝንጅብል ቁራጭ ገዛሁ። የማንጎውን ሥር እንዳልጎዳ ከግንዱ ራቅ እያልኩ መደብ ሠራሁና ተከልኩ። ከዚያ የወደቀውን ቅጠል ሰብስቤ መደቡን አለበስኩት። ጋሼን ያሳበደው ይሄ ቅጠል ነው። ሰፈርተኛው ሲያማው "መጥረጊያው" ነው የሚለው፤ ከዛፎቹ ሥር ጠዋት ጠዋት እንደ ሳሎን ይጠርጋል። አባታችንም እንደዚያ ነበር። በእነሱ ቤት ቅጠል መሬት ላይ ካደረ ገበሬው ታሟል ወይም ሰንፏል ማለት ነው።

"ይሄ ሁሉ ቆሻሻ ምንድን ነው?" አለኝ።

"እርጥበት ይይዝልኛል። እርድ ያለጥላና ያለእርጥበት አይሆንም።"

"አባታችን ይሄን ቢያይ ምን ይል ነበር?"

"እሱማ ምን እየሠራሽ ነው ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። አንተ መች ጠየቅከኝ?"

አልጠየቀም። ለዛፎቼ የሚሆነውን ውኃ እየጠጣችብኝ ነው እያለ በየቤቱ ከሰሰኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አረሜን አረምኩ። እርዱ ሰፋፊ ቅጠሉን ዘረጋ፣ ዝንጅብሉ ቀጠን ብሎ ወጣ፤ በዛፎቹ መሃል መሬት የሚባል አይታይም ነበር። ያኔ እንኳ ጋሼ "ቅጠል ይበላል እንዴ?" ብሎ አለፈኝ።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ቀስ በቀስም ደርቆ መሬት ላይ ተኛ። ጋሼ አንድ ቀን ከሰዓት መጣ። አልተቆጣም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

"አይዞሽ። ሞክረሻል፣ አልሆነም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል አስለቅቄልሻለሁ። አልጋም ገብቷል። ልጆቹን ትይዢያለሽ፣ ሚስቴን ታግዣታለሽ። አንቺ ብቻሽን ስትንከራተቺ ሰው እኔን ምን ይለኛል?"

ያቺን ክፍል አውቃታለሁ። መስኮቷ የሚከፈተው ወደ ወጥ ቤቱ ነው፤ ጣሪያዋ በጭስ ጠቁሯል። ያሳደገችን አክስታችን ያረጀችው እዚያች ውስጥ ነው። ሁላችንንም አዝላናለች፣ የሁላችንንም ልብስ አጥባለች፤ ስሟ የሚነሳው ግን ምሳ ሲዘገይ ነበር። የሞተች ቀን ከአልጋዋ ሥር ያገኘነው ንብረት አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ነው። ጋሼ ሲናገር የሰማሁት የእሷን ስሊፐር ኮቴ ነው፤ ፈራሁ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"ሞቼ ነው ቆሜ!" አልኩት።

"ታዲያ ምን ልትበዪ ነው? ሰብሉ ሞቷል እኮ!"

"እርድ ሲደርስ ቅጠሉ ይደርቃል፣ ጋሼ። ማንጎ መሰለህ?"

ዶማውን አንስቼ መደቡን ዳር ዳሩን ፈለፈልኩና አንዱን በሁለት እጄ ነቀልኩት። አፈሩን ሳራግፈው አውራ ጣት የሚያካክል እርድ ተቆላልፎ ወጣ። አንዱን ቀነጠስኩና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ውስጡን አየ፣ አሸተተ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ዓይኑ ቀና ብሎ በመደቦቹ ላይ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደ። እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ግማሹ የእኔ ነው" አለ።

"በምን ሒሳብ?"

"በጥላው። አንቺው ነሽ ያለጥላ አይሆንም ያልሽው። ጥላው ደግሞ የዛፌ ነው።"

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው ይሄን ያለኝ። "የጥላ ኪራይ!" ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩበት። ሳቄ አበሳጨው መሰለኝ፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ካልሰጠሽ እቆርጠዋለሁ። በፀሐይ ትተክይና አይሻለሁ።"

"ቁረጠዋ!"

ዛፎቹ አበባ ይዘው ስለነበር አያደርገውም ብዬ ነበር። በማግስቱ መሰላልና መጋዝ ይዞ መጣ። ሚስቱ ከኋላው እየሮጠች "አፈር ስሆን ተው! አበባ ይዟል፣ ፍሬህን ነው የምትቆርጠው!" ትላለች። አልሰማትም። ከትልቁ ዛፍ ላይ ትልቁን ቅርንጫፍ መረጠ፣ ከመደቤ በላይ የተዘረጋውን። መጋዙ ሲገባ ዛፉ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ቅርንጫፉ ከነአበባው ወርዶ መደቤ ላይ ተጋደመ፤ ንቦቹም ተከትለውት ወረዱ።

አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ዛፍ መውጣት የተማርኩት በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ነው። እግሬን ከሥር ደግፎ ያወጣኝ ደግሞ እሱ ራሱ ጋሼ ነው። እሱም ያስታወሰ ይመስለኛል፤ መሰላሉ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየኝ። የሚፈልገው አንዲት ቃል ነበረች፤ እሺ፣ ግማሹን ውሰድ እንድለው። ዘንድሮ እሺ ካልኩ ለከርሞም እሺ ማለቴ ነው። እሺ ማለት ከለመድኩ ደግሞ ያቺ ክፍል ውስጥ የምገባበት ቀን ሩቅ አይደለም። እንባዬን በእጄ ጠረግኩና መሬቱን አየሁት። ቅርንጫፉ በነበረበት በኩል ፀሐይ ገብቶ አፈሩን አብርቶታል።

"ጋሼ፣ በርበሬ ፀሐይ ይወዳል" አልኩት።

"ምን?"

"እኔ የወሰድኩት መሬቱን ነው። ጥላ ከተውክለት እርድ እተክልበታለሁ፣ ፀሐይ ካስገባህለት በርበሬ። እስቲ እዚያ ከወጣህ አይቀር ያንኛውንም ጨምርልኝ፤ ለቲማቲም ይሆነኛል።"

ሚስቱ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በመዳፏ ይዛ ወደ አጥሩ ዞረች፤ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ ይታየኛል። ጋሼ መጋዙን ሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ እንዳስደገፈ ቀረ። አበባውን አየ፣ እኔን አየ፣ የወደቀውን አየ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ከሥሩ ቆምኩ፤ ከልቤ ግን ፈርቼ ነበር፣ እርዴ የሚፈልገው ጥላውን ነውና። እሱ ግን ወረደ። መጋዙን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዝናቡ ሲመለስ በዚያች ፀሐይ በገባባት ቦታ በርበሬ ተከልኩ፤ ሲደርስ ከሩቅ የሚታይ ሆኖ ቀላ። ጋሼ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ሚስቱ ግን በርበሬዋን የምትገዛው ከእኔ ነው። ዋጋ አልቀንስላትም፤ እሷም አንድ ቀን ቀንሺልኝ ብላኝ አታውቅም።