ጠብታ የማይሰጠው ፓምፕ

ፕሮግራመሯ ያን ቀን ጠዋት ቢሮ የገባችው ከሁሉም ቀድማ ነው። የለፋችበት የኮምፒውተር ቋንቋ ሊፈተን ነው። ሰው የሚፈልገውን በተራ አረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን ራሱ ይሠራና ከተጻፈው ደንብ ንቅንቅ እንደማይል በሒሳብ ያረጋግጣል። ኮድ አይቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ ካልተሳካለት ግን ሥራው ይዘጋል። እንዲህ ያለው አለቃዋ ነው፤ ቢሮው ከጀርባው «አቶ ቶሎ» ይለዋል። በፈተናው ላይ ትንፍሽ እንዳትል ደግሞ አስጠንቅቋታል።

ተፈታኟ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የባሏ ታላቅ እህት! የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ ምላሷ ለማንም አይመለስም።

«እኔ እንኳን ይኼን ስልኬንም በቅጡ አላውቅ፤ ጉድ እንዳላደርግሽ» አለችና ተቀመጠች። ለመድኃኒት መስጫ ፓምፕ ደንብ እንድትጽፍ ተነገራት። በአንድ ጣቷ እየለቀመች ጻፈች፤ «ፓምፑ ሐኪሙ ካዘዘው በላይ በጭራሽ አይስጥ።»

አረንጓዴ ምልክት በራ። ተረጋግጧል ማለት ነው።

«በቃ! ዛሬውኑ ለሆስፒታሉ እንላከው!» አለ አቶ ቶሎ።

ፕሮግራመሯ ክው አለች። ምልክቱ አልዋሸም፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ከሥሩ በጥቂት መስመር ተጽፏል። አቶ ቶሎ «ማን ያነበዋል? አውጪው» እያለ ቢነዘንዛትም አሻፈረኝ ብላ ያቆየችው ነው። አሁን ማንም ካላነበበው ልፋቷ ብቻ ሳይሆን የታመመ ሕፃንም ገደል ሊገባ ነው። ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ነርሷ መነጽሯን አደረገች።

«ቆይ እስቲ። ‹ነርሷ ፓምፑን ታበራለች። ፓምፑ ምንም አይሰጥም። በማግስቱም ምንም አይሰጥም።›» ቀና አለች። «ወይ ጉድ! ከመጠን በላይ አይስጥ ብል ጭራሽ ከለከለ? ይኼ ፓምፕ ነው ቆንቋና?»

ፕሮግራመሯ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። እፎይ አለች፤ ከአንጀቷ።

ነርሷ «ጥፋቱስ የኔው ነው» ብላ አንድ አረፍተ ነገር ጨመረች፤ «የታዘዘው ሁሉ በሰዓቱ ለልጁ ይድረስ።» አረንጓዴው ዳግም ሲበራ ዞር ብላም አላየችው፤ በቀጥታ ከሥሩ ወዳለው ጽሑፍ ወርዳ አነበበች። ፓምፑ የታዘዘውን ሰጥቶ ይቆማል ይላል።

«እንግዲህ ይኼን ከልጆቼ አልጋ አጠገብ አቆመዋለሁ» አለች።

አቶ ቶሎ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጥሩ ነው፤ ፕሮግራመራችን ፈተናውን አልፋለች። ሥራው ይቀጥላል።»

«እሷስ አለፈች» አለች ነርሷ መነጽሯን እያወለቀች፤ «አንተ ግን ሳታነብ ልትልከው ነበር፣ ወንድሜ።»