ዶክተሩ ትራይ ሲል

ዶክተሩ «ዊ ዊል ትራይ» አለ፤ አሳየሽ እናቷ እንደምትሞት ያን ጊዜ አወቀች።

ሌላ አስተርጓሚ የለም። ሶዶ ሆስፒታል ከተቀጠረች ጀምሮ የበሽተኛውን ወላይትኛ ለዶክተሩ፣ የዶክተሩን እንግሊዝኛ ለበሽተኛው የምታቀብለው እሷ ናት። ዛሬ አልጋው ላይ ያለችው የገዛ እናቷ ቦሼ ናት። ሆዷ ውስጥ እባጭ አለ።

ቃሉን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። መምህር ገብረአማኑኤል «ሞከረ ማለት ነው» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ከፈረንሳዮች የመጣ ነው፣ ድሮ መለየት ማለት ነበር፣ ፍሬውን ከገለባው እንደማበጠር፣ አሉ።

«ፈረንጅም ሰፌድ አለው እንዴ?» ብላ ክፍሉን አሳቀች።

ሆስፒታል ተቀጥራ ስትገባ ደግሞ ፈረንጇ ነርስ ሾርባ ስታቀምስ ትራይ፣ ጫማ ስታስለካ ትራይ፣ አልከፈት ያለ መስኮት ስታሳያት ትራይ ትላለች። ቀላል ቃል መሰላት። የዶክተሩን ትራይ ግን አልጋ አጠገብ ቆማ ነው የለየችው። ለሚድነው «ፋይን» ይላል። ትራይ ሲል ዓይኑን ወደ ውጭ ያደርጋል። ትራይ ካላቸው መሀል በእግሩ የወጣ አላየችም።

አሁንም ወደ ውጭ እያየ ነው።

«ቀዶ ሕክምናው ካልተደረገላትስ?» አለችው በእንግሊዝኛ።

«ጥቂት ቀን። ምናልባት ሳምንታት።»

«ከተደረገላትስ?»

መነጽሩን አወለቀ። «እንሞክራለን አልኩሽ እኮ፣ አሳየሽ።»

«ምን አለ ፈረንጁ?» አለች ቦሼ። «ሁለታችሁ ብቻ ታወራላችሁ። እኔ እንጨት ነኝ?»

«ቆይ፣ እማ። ኤርሳዶን ልጥራ።»

ወደ ደጅ ወጣች። ታላቅ ወንድሟ ኤርሳዶ እዚያ ነው፣ ከተሸካሚዎቹ ጋር። በመንደራቸው በጉኑኖ ሰው ሲታመም ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፤ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ያደርሳሉ። ዝናብ ነው፣ መንገዱ መኪና አያስገባም። እነዚህ ሰዎች ከሄዱ ቦሼን ወደ ቤቷ የሚመልሳት የለም።

«አሳየሽ፣ ቁርጡን ንገሩን» አለ ሽማግሌው ሶርሳ፣ የቡድኑ መሪ። «ወንዙ ሳይሞላ እንሂድ። ባዶ ቃሬዛ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ከሰው ይከብዳል።»

ኤርሳዶ ተነሳ። «ምን አለ?»

«እሞክራለሁ አለ።»

«ታዲያ ይሞክራ! ሰው እናቱን ሳያስሞክር ይቀራል?»

«እሱ እሞክራለሁ ሲል ሌላ ነው። እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺማ አወቅሽ። ነጭ ጋዋን ለበስሽ፣ ሁሉን አወቅሽ።» ድምፁ ተሰበረ። «ነገ ዘመድ ቢጠይቀኝ ምን ልበል? ፈረንጁ ላድን ሲል እኔ ነጥቄ ወሰድኳት ልበል? ዕድሜ ልኬን ይሉኛል። እሱ ውሰዷት ካለ እወስዳለሁ። ካላለ አልነካትም።»

አሳየሽ ወደ እናቷ ተመለሰች።

ቦሼ ግድግዳውን እየነካካች ነበር። «ይሄ ቤት ሽታ እንኳ የለውም» አለች። «ልጄ፣ እዚህ ብሞት ማን አጠገቤ አለ? ያቺ ነጯ ነርስ ናት የምታለቅስልኝ? አለቃቀስ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንሰቱን አባትሽ ሲተክል እኔ ነኝ ጉድጓዱን የቆፈርኩት። እዚያ ውሰጂኝ። ሞኝ አይደለሁም እኮ፣ ፊትሽን አያለሁ። ስትወለጂም እንዲህ ነበርሽ፣ ሳታለቅሺ ነው የወጣሽው። አዋላጇ በጥፊ መታችሽ።»

አሳየሽ ሳቀች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

ዶክተሩ በሩ ላይ መጣ። «ምን አሉ? ክፍሉን ላዘጋጅ?»

«እምቢ አሉ» አለችው። «ወደ ቤት እንወስዳታለን አሉ።»

ዶክተሩ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ሄደ። አልተከራከራትም።

ወደ ደጅ ወጣች። ኤርሳዶ ዓይን ዓይኗን አያት።

«ዶክተሩ ውሰዷት አለ» አለችው። «በአፉ ነው ያለው። ለጠየቀህ ሁሉ እንዲህ በል።»

ጋዋኗን አወለቀች። ቃሬዛውን ከግድግዳው አንስታ ለሶርሳ ሰጠችው።