የባለ ወፍጮው መዳፍ

ባለ ወፍጮው በሩን ለአራተኛ ጊዜ በቡጢ መታው። ከውስጥ የወንበር መጎተት፣ የእግር ኮቴ፣ የሰው ሳቅ ይሰማል፤ የሚከፍት ግን የለም።

“ኧረ የሰው ያለህ! ቤቶች!”

የዘጠኝ ዓመት ልጁ አጠገቡ ቆማ ሽቅብ ታየዋለች። የተበላሸ ማሽን ላይ የሚጮህ ደንበኛን እሱ ራሱ እንደሚያየው፣ በትዕግሥት። ለአምስተኛ ጊዜ እጁን ሲያነሳ በእግሯ ጣቶች ቆማ ከበሩ መቃን አጠገብ ያለችውን ነጭ ማብሪያ ተጫነቻት። ውስጥ አምፖል ቦግ እልም አለ። በሩ ወዲያው ተከፈተ።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ቅርንጫፍ በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው።

“ብዙ አንኳኩ እንዴ ጋሼ? እኔ ከጓሮ አሁን መግባቴ ነው” አለች የከፈተችለት ቀጭን ወጣት።

“አይ፣ አሁን መድረሴ ነው።”

“እጅዎ ቀልቷል።”

ልጁ በሁለቱ መሃል ሾልካ ገባች። ወጣቷ የቅርንጫፉ ጸሐፊም አስተርጓሚም ናት። እናትና አባቷ አይሰሙም፤ እሷ ትሰማለች። አባላቱ “ጥድፊያ” የሚል ስም አውጥተውላታል። ስትራመድም ስትናገርም ከኋላዋ ሰው የሚያባርራት ነው የምትመስለው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅቷን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ የምታመጣት እናቷ ነበረች። ዛሬ እሷ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ተረኛ ናት። ባለ ወፍጮው ወፍጮውን ለሠራተኞቹ ትቶ የመጣው ግን ስለዚያ ብቻ አልነበረም። ጉዳይ ነበረው፤ ጉዳዩም እስከ ስድስት ሰዓት ማለቅ አለበት።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ተደርድረዋል። ማንም ለማንም ጀርባውን አይሰጥም። አንዲት ሴት በተዘጋው መስኮት በኩል፣ አስፋልት ማዶ አውቶቡስ ከምትጠብቅ ጓደኛዋ ጋር በእጇ ታወራለች። ማዶኛዋ የሆነ ነገር መለሰችላትና ሁለቱም በሳቅ ተጣጠፉ። መሃላቸው መኪና ያልፋል፣ ጥሩምባ ይጮኻል፤ ጨዋታቸውን የሚያቋርጠው የለም። ባለ ወፍጮው ቆሞ ቀረ። እሱ ማዕድ ላይ ፊት ለፊቱ የተቀመጠች ሚስቱን እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ “ምን አልሽ?” ሳይል አይሰማትም። ሃያ ዓመት የወፍጮ ጩኸት ቀኝ ጆሮውን በልቶታል። “ከአንተና ከልጅህ የሚሰማኝ የትኛችሁ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም” ትላለች ሚስቱ።

ጥግ ላይ ዳማ ከሚጫወቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ቀና ብሎ አየውና ጓደኛውን ጎሸመው። ከዚያ መዳፉን አየር ላይ ዘርግቶ ጭንቅላቱን ወደ ትከሻው ዘንበል አደረገ። ጓደኛውም ደገመው። ወዲያ ማዶ ወንበር የምትደረድር ሴትም እንዲሁ አደረገች።

“ምንድን ነው የሚሉት?”

“መጣ ነው የሚሉት። ወደ ቢሮ እንግባ።”

እየተሳለቁብኝ ነው አለ በልቡ። ተከተላት።

ቢሮው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ የማተሚያ መሣሪያ ነው። ባለ ወፍጮው አልተቀመጠም።

“የልጄን የጆሮ ምርመራ ወረቀት ፈልጌ ነው። መሸኛም ጻፊልኝ።”

“መሸኛ? ለምን?”

“ልወስዳት ነው።”

“ዛሬ? ገና አሁን መጥታ?”

“ከነጭራሹ።”

ጥድፊያ ያነሳችውን ብዕር መልሳ አስቀመጠች። እሱም መንገድ ላይ ያዘጋጀውን ሁሉ ተናገረ። ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ንግግር የሚያስተምር ሰው አለ። ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ያንንም እስከ ስድስት ሰዓት ይዞለታል። ሌላ ቦታ አለመመዝገቧን የሚያሳይ መሸኛና የምርመራው ወረቀት ይፈልጋል። ደግሞም አንድ ግዴታ አለው። ልጅቷ በእጇ ማውራት ታቆማለች፤ እዚህም፣ እቤትም።

“እጅ ምላስን ያሰንፋል ነው ያለኝ።”

“እኔ ሁለት እጅ አለኝ ጋሼ። ምላሴ የሰነፈ ይመስላል?”

“ያንቺስ ትንሽ ቢሰንፍ አይከፋም።”

ሳቅ አመለጣት። እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን ተወው።

“ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ቀን እንኳ አባዬ ብላኝ አታውቅም። ይቺን አንዲት ቃል ብፈልግ ጥፋት ነው?”

“ጥፋት አይደለም” አለች ጥድፊያ ወረቀት እየሳበች። “እጽፍልዎታለሁ። የሚፈርሙት ግን ሰብሳቢያችን ናቸው፤ ማኅተሙም ኪሳቸው ነው። አሁን ጥናት ሊጀምሩ ነው። ጥናት ላይ ቤቱ ቢቃጠል አይነሱም። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል። ደግሞ የዛሬዋ አቅራቢ ልጅዎ ናት፤ ቁጭ ብለው ይዩ።”

“አቅራቢ? ምን አቅራቢ?”

“አልነገረች…” ብላ ከንፈሯን ነከሰች።

እንዴት ትነግረዋለች? በየት በኩል?

አዳራሹ ሞልቷል፤ ሃያ አምስት ያህል ሰው ይሆናል። ጥናቱ እንዲህ ነው፦ በየቅዳሜው አንድ አባል አንድ ጥያቄ ይመርጣል፣ ሳምንቱን ይዘጋጃል፣ ቆሞ ያስረዳል፣ ይፋጠጣል። ከዚያ ግቢ ውስጥ ጨዋታ አለ። ሰሌዳው ላይ በልጅ እጅ “ድምፅ ምንድን ነው?” የሚል ተጽፏል።

“ይሄን ማን መረጠው?” አለ ባለ ወፍጮው።

“እሷ።”

“ሳትሰማ ስለ ድምፅ ምን ታውቃለች?”

“ስለ ጨረቃ የሚያጠናውስ ጨረቃ ላይ ኖሮ ነው?” አለችና ወንበር ሳበችለት።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። መብራቱን ሁለቴ አጥፍተው አበሩት። እጅ ሁሉ ዝም አለ።

ልጅቷ ከፍ ወዳለው ጣውላ ወጣች። መጀመሪያ በእግሯ ጣውላውን በኃይል መታችው። ንዝረቱ በወንበሩ እግር በኩል መጥቶ ባለ ወፍጮው ጉልበት ላይ ደረሰ።

“ድምፅ መንቀጥቀጥ ነው ትላለች” አለች ጥድፊያ በሹክሹክታ። “ጆሮ አንዱ በሩ ነው። ሌላም በር አለው። አሁን በእግራችሁ ገባ። አባቴ ደግሞ…”

“ቆይ” አለ ባለ ወፍጮው። “ቆይ፣ ተይ።”

ያየው ነገር አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ልጁ ወፍጮውን በእጇ እየተከለችው ነበር። እህሉ የሚፈስበትን አፍ ከፍ አድርጋ በሁለት እጇ ሠራችው። ሞተሩን ከታች አስቀመጠችው። ቺንጋውን፣ የጎማውን ቀበቶ፣ ከሞተሩ ወደ ድንጋዩ ስታጠልቅ እንዲወጠር ሳብ አድርጋ ነው ያጠለቀችው፣ እንደ ደንቡ። ድንጋዩ ዞረ። ዱቄቱ ቋቱ ውስጥ ወረደ፣ አቧራው ተነሣ፣ ፊት መስመር ላይ የተቀመጡት ሰዎች እውነት አቧራ የመጣባቸው ይመስል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምንም በሌለበት ጣውላ ላይ ሃያ ዓመት የሠራበት ማሽን ቆሞ ይዞራል። የላላው ብሎን ሳይቀር አለ። ብሎኑ ወደ ላይ ሲመጣ እጇ ትንሽ ይንገጫገጫል።

ቀጥሎ እሱን ራሱን፣ አባቷን አመጣችው። ቅንድቡን በእጁ አንጓ ሲጠርግ። “ሻካራ ነው” ብላ ከምትከራከር ደንበኛ ፊት ዱቄቱን በአውራ ጣቱና በጠቋሚው አሽቶ፣ አሽቶ፣ መጨረሻ ላይ “እውነትሽን ነው” ሲል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ያለ ልክ፣ ያለ ይሉኝታ። ከዚያ ከሠራተኞቹ ጋር ሲነጋገር አሳየች። ወፍጮ ሲሠራ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ ስለዚህ ሃያ ዓመት በእጅ ነው የሚግባቡት። ሁለት እጅ እንደ ቁና ታቅፎ ሁለቴ ወደፊት ከተደፋ “ጨምር” ማለት ነው። አንድ እጅ ደረት ላይ ተዘርግቶ ሌላው ከበላዩ ክፍተት ካሳየ “ቆይ፣ ጆንያው አልሞላም” ማለት ነው። ባለ ወፍጮው ይሄን ንግግር ብሎት አያውቅም። ሥራ ነው የሚለው። ከትምህርት ቤት መልስ ጆንያ ላይ ቁጭ የምትለው ልጅ ግን አንዱንም አልጣለችም።

መጨረሻ ላይ ቆመች። ቀኝ መዳፏን አየር ላይ፣ እሱ ማሽኑን ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው፣ ልክ የማሽኑ ሽፋን ባለበት ከፍታ ዘረጋች። ጭንቅላቷን ወደ ትከሻዋ ዘንበል አደረገች።

ሃያ አምስት መዳፍ ባንድ ጊዜ ተዘረጋ።

ባለ ወፍጮው ወደ ጥጉ ዞሮ አየ። ቅድም ዳማ ተጫዋቾቹ ያሳዩት ያው ምልክት ነው።

“ስምዎ ነው” አለች ጥድፊያ። ድምፅዋ ላይ ጥድፊያ አልነበረም። “እዚህ ሰው ስሙን ራሱ አይመርጥም፤ የሚያውቀው ሰው ነው የሚያወጣለት። ስሙ ከወጣልዎ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው። በመዳፉ የሚሰማው ሰውዬ።”

ልጁን ጉድጓድ ውስጥ ያለች ያህል ያስባት ነበር፤ ከላይ ሆኖ ገመድ የሚጥልላት እሱ፣ ጨለማ ውስጥ የምትጠብቀው እሷ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱን ለማያውቁት ሰዎች፣ ከነዱቄቱ፣ ከነቅንድቡ፣ ከነስሙ፣ ስትተርከው ኖራለች።

ልብስ ሰፊው እጃቸውን አነሡ።

“ቺንጋው መላላቱን መዳፉ በምን ያውቃል? ይላሉ” አለች ጥድፊያ።

ልጅቷ አሰበች። ከዚያ ወደ አባቷ ጠቆመች።

“አላውቅም። ባለቤቱ እዚህ አለ፣ እሱን ጠይቁት ትላለች።”

ሁሉም ዞሩ። ባለ ወፍጮው ተነሥቶ አፉን ከፈተ። የሽማግሌው ዓይን አፉ ላይ አልነበረም፣ እጁ ላይ ነበር። ሁሉም እጁን እያዩ ነው። አፉን ዘጋ። መዳፉን ዘረጋና ደህና ቺንጋ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጠው አሳየ፤ እኩል፣ ጥቃቅን፣ ያለ ማቋረጥ። ከዚያ ሲላላ እንዴት እንደሚሆን፤ ሁለቴ ሄዶ አንዴ ይዘላል፣ እግሩን እንደሚጎትት ሰው። እጁ ከራሱ ቀድሞት ሠራው። ልብስ ሰፊው ሌላ ጠየቁ፤ መለሰ። ከዳር አንዲት ሴት ጠየቀች፤ መለሰ። በሃያ ዓመት ውስጥ መዳፉ ምን እንደሚያውቅ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሲቀመጥ እጆች ሁሉ ወደ ላይ ተነሥተው እንደ ቅጠል ተርገበገቡ።

“ጭብጨባ ነው” አለች ጥድፊያ።

“ገብቶኛል።”

አምስት ሰዓት ከአርባ። ልብስ ሰፊው መሸኛውን ሁለቴ አነበቡት። አልተከራከሩም። ፈርመው፣ ማኅተሙ ላይ እፍ ብለው መቱት። ወረቀቱን ሲሰጡት ግን የሆነ ነገር አሉ።

“ልጅቷን ይውሰዷት፤ እርስዎ ግን ቅዳሜ ይምጡ ይላሉ። ሰሌዳው ክፍት ነው።”

“ይቀልዳሉ?”

“በጥናት አይቀልዱም።”

መሸኛውንና የምርመራውን ወረቀት ማኅደር ውስጥ ከትቶ ወደ ግቢ ወጣ። ልጁ ጫፍ ላይ፣ አጥሩ ሥር ገመድ ትዘላለች፤ ሃምሳ እርምጃ ያህል ትርቃለች። ልማድ ነውና ስሟን ጠርቶ ጮኸ። ጮኾም አፈረ። አጠገቡ የቆመው ዳማ ተጫዋች የአፉን መከፈት አይቶ እጁን አነሣ፤ ያንን ያየ ሌላው አነሣ፣ ከዚያ ሌላው፤ እጅ ለእጅ ተቀባብለው ግቢውን አቋረጡት፣ መጨረሻዋም የልጅቷን ትከሻ ነካች። ዞረች። አንድ ጊዜ ለመተንፈስ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ ማዶ ሆና አንድ እጇን ደረቷ ላይ ዘረጋች፣ ሌላውን ከበላዩ ከፍ አድርጋ አሳየችው። ጆንያው አልሞላም።

ባለ ወፍጮው ከሁሉም ቀድሞ ሳቀ።

“ልተርጉምልዎ?” አለች ጥድፊያ።

“ተይው። ይሄ የኔ ነው።”

ጆንያው እስኪሞላ ጠበቃት። ሲወጡ ለስድስት አሥር ጉዳይ ነበር። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው እጇን ያዘ፤ በአንድ እጁ ማኅደሩን፣ በአንድ እጁ ልጁን። መሃል አስፋልት ላይ ልትናገር ፈልጋ እጇን ሳበች። አጥብቆ ያዛት። ማዶ ሲደርሱ አሁንም ሳበች፣ አሁንም እንደያዛት ነበር። ስንት ዓመት በየመንገዱ አፏን ይዞ ሲሄድ እንደኖረ ያኔ አየው።

በግራ የንግግር አስተማሪው ቤት፣ በቀኝ ወደ ቤት የሚወስዳቸው አውቶቡስ መቆሚያ ነው። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጭኑን አንቀጠቀጠው። አስተማሪው ነው፤ በዚህ ሰዓት ሌላ የሚደውል የለም። አባዬ የምትለዋ ቃል እሱ ዘንድ ናት፤ የምትፈለግ ከሆነ ልጁ አንድ ቀን ሌላ በር ትፈልግላታለች።

እጇን ለቀቀ። ማኅደሩን ብብቱ ሥር ወሸቀው። ሁለት እጁን እንደ ቁና አቅፎ ወደ እሷ ሁለቴ ደፋው።

ጨምሪ።

ልጅቷ እጆቹን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እየተራመደች ጀመረች። ግማሹን አልገባውም። ባልገባው ቁጥር “ቆይ” ይላል፣ በገባው ቁጥር “ጨምሪ” ይላል። ስልኩ እንደገና አንቀጠቀጠው። የሚያነሳበት እጅ አልነበረውም።