የጉሙር ድርቆሽ

ከቢልማ ጨው ጭነን ወደ አገራችን ወደ አይር እየተመለስን ነበር። ስንሄድ ለመልስ የሚሆነንን የግመል ድርቆሽ በየሰፈርንበት አሸዋ ላይ ጥለን እናልፋለን። ጠባቂ የለውም። የሰው ድርቆሽ የሚነካ በእኛ በረሃ ተሰምቶ አያውቅም።

የቅፍለታችን መሪ ኤፋድ ነው። የአክስቴ ልጅ አግሃሊ የእሱን ልጅ አግብቷል። እኛ ዘንድ አማች በአማቱ ፊት አይበላም፣ የፊት መሸፈኛውን ከአፉ አይገልጥም፣ ቃሉንም አያርምም፤ የሚነጋገሩትም በሌላ ሰው በኩል ነው። የአክስት ልጅን ማብሸቅ ግን መብቴ ስለሆነ መንገዱን ሙሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቼዋለሁ።

ነፋስ ምልክቱን ሁሉ አጥፍቶታል። ኤፋድ ከአሸዋ ብቅ ያለ ድርቆሽ አየና «ይኸው የእኛ፤ ፍቱት» አለ። አግሃሊ ገመዱን ይዞ ቆመ።

«ምነው? አማትህን ፈርተህ ድርቆሽ መፍታትም አቃተህ?» አልኩት።

«ሂድ ወዲያ!» ብሎ ፈታው። ግመሎቹ ሙልጭ አድርገው በሉ።

በማግስቱ ሌላ ድርቆሽ አገኘን። ይኼኛው አግሃሊ በእጁ የቋጠረው፣ የእኛው ነው። ትናንት ያበላነው ከኋላችን የሚመጣውን ቅፍለት የሚመራውን የሽማግሌውን የጉሙርን ኖሯል። ኤፋድ ቋጠሮውን አገላብጦ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ከላ፣ ያን ሰው ጠይቅልኝ። ትናንት አውቆ ነበር?»

አግሃሊ መሸፈኛውን እስከ ዓይኑ ሥር ሳበው። «አፈርኩ በለው።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ድንጋይ! ለእኔ ሹክ ብትለኝ እነግርልህ አልነበር? እኔ አፍ የለኝም?»

ኤፋድ ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም። «የእኛን ጫኑት፤ ተመልሰን እንውሰድለት» አለ። የእኛ ግመሎች ጦማቸውን አደሩ።

ደርሰን ያየነውን ጠላቴም አይየው። የጉሙር ግመሎች ወድቀዋል፤ አንዷ ሞታለች። በረሃውን ዓይኑን ጨፍኖ ያቋርጠዋል የሚባልለት ሽማግሌ ተንበርክኮ አሸዋውን በእጁ ይጭራል።

«ቦታው ጠፋብኝ» ይላል ለሰዎቹ። «አርጅቻለሁ። ከእንግዲህ አልመራችሁም።» የፊተኛዋን ግመል ገመድ ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶታል።

አግሃሊ አማቱ ቆሞ እያየው በሽማግሌው ፊት መሸፈኛውን ከአፉ ገለጠ።

«አባቴ፣ ቦታው አልጠፋብዎትም። ያበላነው እኛ ነን።»

ጉሙር ፈገግ አለ። «ተው ልጄ፣ እኔን ለማጽናናት ብለህ ራስህን አታዋርድ። የሰው ድርቆሽ የሚያበላ ማን አለ?»

«በአላህ፣ እውነት ነው! ከላ፣ ንገራቸው እንጂ!»

ነገርኳቸው። ማልኩላቸው። ማን ሰምቶን!

«የራሳችሁን ግመል አስርባችሁ አመጣችሁልኝ» አለ ጉሙር። እጁን ዘርግቶ ኤፋድን መረቀ፤ ከዚያ አግሃሊን ከነልጅ ልጁ መረቀው። ሰዎቹ ሁሉ አሜን አሉ። አግሃሊም አሜን አለ፤ ሌላ ምን ይበል?