ግሉኮስ የተተከለለት ጋን

ሳሮን ከሆስፒታሉ ፈረቃዋ እንደ ተመለሰች ጋቢዋን እንኳ ሳታወልቅ የጨው ውሃ የሞላው የመስታወት ሣጥን አጠገብ ተንበረከከች። ውስጡ ያለችው፣ ሐምራዊ የነበረችው የባሕር ኮራል ገርጥታለች። ከሣጥኑ ውሃ ቀድታ መመርመሪያውን ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደረገችበት። መጀመሪያ ሰማያዊ የሆነው ውሃ ወዲያው ወደ ቢጫ ዞረ። ቶሎ ከዞረ ኮራሏ ከውሃው የምትበላው አንሷል ማለት ነው፤ ደግ ምልክት አልነበረም።

ኮራሏን ያመጣላት ወንድሟ ያሬድ ነው። ያሬድ ጅቡቲ ወደብ በጎታች ጀልባ ላይ ይሠራል። እናታቸው ስታርፍ ለቀብሯ አልደረሰም፤ ለተዝካሯ ሲመጣ ግን ኮራል ከሚያራቡ ሰዎች የገዛትን፣ ጣት የምታህል ነፍስ ያላት ነገር በበረዶ ሣጥን ይዞ ንፋስ መውጫ ገባ። ባሕር በሌለበት፣ ስሙ ራሱ ንፋስ በሆነ ከተማ።

«እናታችንን አላስታመምሁም። ይህችን አስታምሚልኝ» አላት።

አስታመመቻት። ያቺ ጣት የምታህል ነገር እንደ ጌሾ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ አወጣች። ለፋሲካ ደግሞ ያሬድ ሊያያት ይመጣል።

ኮራል አጥንቷን የምትሠራው በውሃው ውስጥ ከሟሟ ኖራ ነው። እያደገች በሄደች ቁጥር የውሃውን ስንቅ ትበላለች፤ በትምህርት ቤት ቋንቋ አልካሊኒቲ የሚባለው ይህ ስንቅ ነው። የተበላውን የሚተካው ከሣጥኑ ጎን የቆመው ሪአክተር ነበር። በተፈጨ የሞተ ኮራል የተሞላ ረጅም የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ከሲሊንደር የሚመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጡ ያለውን ውሃ ያኮመጥጠዋል፤ የኮመጠጠው ውሃ ድንጋዩን ያሟሟል፤ ከዚያ ጠብታ በጠብታ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። አሁን ግን ሲሊንደሩ ባዶ ነው፤ የሚሞላው ባሕር ዳር ነው፤ መንገዱም ተዘግቷል።

መደርደሪያው ላይ ስንቁን ለጊዜው የምትተካ፣ እፍኝ የማትሞላ የመጋገሪያ ሶዳ ነበረች። ሳሮን ሁሉንም ልትገለብጠው አነሣችና ያሬድ የነገራት ትዝ አላት። «ማነሱም መብዛቱም ቶሎ አይገድላትም። የሚገድላት መዋዠቁ ነው።» ሁዳዴን የጾመ ሰው በአንድ ጊዜ ጮማ ሲበላ ምን እንደሚሆን በየፋሲካው ማግስት ሆስፒታል ታያለች። ከሶዳው ቆንጥራ ብቻ ጨመረችና ቀሪውን መለሰችው። ለነገና ለተነገ ወዲያ ትበቃለች። ከዚያ በኋላስ?

እንደ ተንበረከከች ከጭቃው ግድግዳ ማዶ አንድ ድምፅ ሰማች። ቡፍ ይላል፤ ዝም ይላል፤ እንደገና ቡፍ ይላል። ማዶው የቤት አከራይዋ የእትዬ አልጣሽ ጓዳ ነው። ለማርያም ማኅበር የተደፈደፈው ጠላ እየፈላ ነበር። ሳሮን ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። የሚፈላ ጠላ የሚተነፍሰው ያንኑ የሲሊንደሩን ጋዝ ነው።

«እትዬ፣ ልለምንዎት ነው የመጣሁ» አለች ጓዳው በር ላይ ቆማ።

«ጨው ነው?»

«የጠላዎን ትንፋሽ ይስጡኝ።»

እትዬ አልጣሽ ወንፊቱን አስቀመጡ። «ጠላውንስ የሚለምን አይጠፋም። ትንፋሹን ምን ልታደርጊው ነው?»

ነገረቻቸው። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሰሟት። «የማኅበር ጋን እኮ ነው፤ የኔታ ገብረ ኢየሱስ ሳይባርኩት አይቀዳም» አሉና ጋኑን አዩት። «ትንፋሹ ግን ድሮም በከንቱ ሲወጣ ነው የኖረ። ውሰጅው።»

ሳሮን ከመድኃኒት ቤት የግሉኮስ ቱቦ ገዝታ መጣች። እትዬ አልጣሽ ራሳቸው ጭቃ አቡክተው የጋኑን አፍ በቱቦው ዙሪያ መረጉት። ግድግዳውንም በወስፌ በስተው ቱቦውን እስከ ሪአክተሩ አሳለፉት። ታካሚ ላይ ጠብታ የሚታይበት ብልቃጥ አሁን አረፋ የሚታይበት ሆነ፤ ጠብታ የሚቆጣጠረው ጎማም ጋዙን ተቆጣጠረ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቤቱ ጠላ ጠላ ሸተተ። የማኅበር ጋን ጎድሎ አይጠመቅምና እስከ አንገቱ ሞልተውት ኖሮ፣ ፀሐይ ሲበረታ አረፋው ቱቦውን ተከትሎ ሪአክተሩ ውስጥ ገባ። ሳሮን ቱቦውን ነቅላ ሁሉንም አጠበች።

«ሰከረች እንግዲህ» አሉ እትዬ አልጣሽ። «ንስሐ አባቷ ማን ይባላሉ?» ወዲያው ግን ከጋኑ ቀንሰው ወደ እንስራ ገለበጡ፤ ሳሮንም አረፋው የሚቀርበት ባዶ ጠርሙስ መሐል ላይ ጨመረች።

ከዚያ ወዲህ እትዬ አልጣሽ ጠዋት ጠዋት በግድግዳው ማዶ «እንዴት አደረች?» ማለት ያዙ። ውሃው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያገገመ ሄደ።

የማኅበሩ ዕለት ከቤተ ልሔም ደብር የመጡት መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ጋኑን ሊባርኩ ጓዳ ገብተው ቆሙ።

«አልጣሽ፣ ይህ ጋን ምን ቢታመም ነው ግሉኮስ የተተከለለት?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳሮን አልሳቀችም። ጋኑ ዛሬ ይከፈታል፤ ሲከፈት ጋዙ ያልቃል። መሪጌታ ታሪኩን ሰምተው ሣጥኑን ሊያዩ ወደ ክፍሏ ገቡ፤ ብዙ ቆሙ።

«ድንጋይ ናት እንስሳ?»

«እንስሳ ናት፣ የኔታ። ቤቷን ራሷ ትሠራለች።»

«እንግዲያ ከአንቺ ትሻላለች፤ ከኪራይ ተገላግላለች» አሉና ፊታቸው ረጋ አለ። «ጋኑ ሲከፈትስ?»

«ስንቋ ይቋረጣል።»

ሴቶቹም ተከትለው ገብተው ነበር። ከዚያ ጎረቤታቸው ትርሲት መቀነቷን እያጠበቀች «ለአባቴ ተዝካር የደፈደፍሁት ትናንት ነው። ወንዶቹ ይሸከሙትና እዚህ ይፍላ» አለች። ቀጣዩን ማኅበር የምታወጣው መምህርት ጽዮን «እኔም የምጠነስሰው እዚሁ ነው» አለች።

«ጓዳዬን ጠላ ቤት አደረጋችሁት» አሉ እትዬ አልጣሽ፤ ለአዲሱ ጋን ግን ቦታ እየጠረጉ ነበር።

ሳሮን የትርሲትን ጋን ከሚሸከሙት ጋር ሄዳ በአንድ ጆሮው ያዘች።

ያሬድ በሕማማት ሰኞ ደረሰ፤ መንገዱ ተከፍቶ፣ የተሞላ ሲሊንደር አውቶቡስ ላይ ጭኖ። ሣጥኑ ፊት ተንበረከከ። ኮራሏ ሐምራዊ ናት፤ ሲሄድ ያልነበሩ ቅርንጫፎች አሏት። መዳፉን መስታወቱ ላይ አደረገ።

«አስታመምሻት» አለ።

«ብቻዬን አይደለም።»

ሲሊንደሩን ሊገጥም ሲነሣ ጽዮን በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ሲሊንደር መጣ አሉኝ» አለች ቅር ባላት ድምፅ። «የእኔ ጋን ገና ዛሬ መፍላቱ ነው።»

ሳሮን ሲሊንደሩን ከወንድሟ እጅ ተቀብላ በሩ ኋላ አቆመችው። «የጽዮን ሳያልቅ አይከፈትም።»

ያሬድ ሊከራከር አለና በብልቃጡ ውስጥ እኩል እኩል የሚወጣውን አረፋ አይቶ ተወው።

በማግስቱ ጠዋት ውሃውን የለካው እሱ ነው። ጠብ አደረገ፤ ጠበቀ፤ ጠብ አደረገ። ሰማያዊው ዘግይቶ ቢጫ ሲሆን እህቱን ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እንዴት አደረች?» አለ ግድግዳው።

«እንደ ትናንቱ ናት፣ እትዬ» አለ ያሬድ።

«ተመስገን። በሉ ተነሡ፤ ጾም ነው፣ ቁርስ የለም፤ ሥራ ግን አለ፤ ጋን አጥቡልኝ።»