ሳህኖቹን የምታዞረው

የዘር ምርምር ክፍሉ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ይሰበሰባል። ረጅሙ ጠረጴዛ ስምንት ወንበር አለው፤ አቀማመጡ በዲግሪ ነው። ፕሮፌሰሩ ከራስጌ፣ ዶክተሮቹ ግራና ቀኝ፣ የዶክትሬት ተማሪዎቹ ከግርጌ። ከበሩ አጠገብ፣ ከውሃ ማጣሪያው ጎን ደግሞ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አለች። እሷ ላይ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ትቀመጣለች። ዕቃ ማጠብ፣ መሣሪያ መጠበቅ፣ የጠፋ መፈለግ ሥራዋ ነው። ተማሪዎቹ በሌለችበት «እትዬ ብልቃጥ» ይሏታል። ታውቃለች፤ አልከፋትም። ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው ዶክተሮች አሉ።

ከፕሮፌሰሩ ራስ በላይ ዩኒቨርሲቲው በየክፍሉ ያስለጠፈው ትልቅ ወረቀት ተሰቅሏል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ከሥሩ «ሁሉን አቀፍ የምርምር ባህል» የሚል ተጨምሮበታል። የሰቀለችው እትዬ ብልቃጥ ናት። መሰላሉን የያዘላት ሰው አልነበረም።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ስብሰባ ላይ የምትጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ስለ ዕቃ ማጽጃው፣ «አልኮል አለ?» ካለ «አለ» ትላለች፤ ከሌለ «ይመጣል» ትላለች። ስብሰባው በዚህ ያበቃል።

አንድ ሰኞ ግን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣ። ከዶክትሬት ተማሪዎቹ አንዷ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ፣ የቲማቲም ዘር ቀለል ባለ የጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ቢዘራ በብዛት ይበቅላል ብላ ጽፋ ነበር። ከመቶው ሰማንያ ስድስቱ በቅሎላታል። ደብዳቤ የላከው ዩኒቨርሲቲ ያንኑ ቢሞክር አርባ ብቻ በቀለለት።

«ወይ አልቻሉበትም፣ ወይ ደግሞ...» አለ ፕሮፌሰሩ፤ ልጅቷን አይቶ ቀሪውን ዋጠው። «አልቻሉበትም» የለመዳት ቃል ናት። ኮሪደሩ ላይ በመስታወት ፍሬም ተደርጎ የተሰቀለውን የራሱን የሽንኩርት ዘር ጥናት፣ ፕሮፌሰር ያሰኘውን ማለት ነው፣ መድገም ያቃታቸው ሰዎች በጻፉለት ቁጥር እንዲሁ ይላል።

ትእዛዝ ሰጠ። ሙከራው ይደገም። የማብቀያው ካቢኔ በፕላስተር ይታሸግ፣ ፕላስተሩ ላይ እሱ ይፈርም፣ በሰባተኛው ቀን ሁሉም ባለበት ይከፈት። ውጤቱ ካልተደገመ ነገሩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴ የገባ ተማሪ ተመልሶ እንደማይመጣ የማያውቅ የለም።

በሰባተኛው ቀን ተከፈተ። አርባ ሦስት።

ልጅቷ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች። ቧንቧውን የከፈተችው ለቅሶዋን እንዲሸፍንላት ነው።

«እትዬ፣ እናቴ ትሙት አንድ ቁጥር አልጨመርኩም» አለች።

«አውቃለሁ ልጄ።»

እውነትም ታውቃለች፤ ያወቀችው ግን ገና አሁን ነው፣ ከኋላው ረድፍ ያሉት ዘር የተዘራባቸው ሳህኖች ክው ብለው ደርቀው ስታይ። የካቢኔው ፋን ከኋላ ነው። የኋላዎቹ ሳህኖች ይደርቃሉ፤ የፊቶቹ ውሃ ይጠግባሉ። ስለዚህ እትዬ ብልቃጥ በየማለዳው ማንም ሳይገባ የኋላውን ወደ ፊት፣ የላዩን ወደ ታች ታዞራለች፤ ምድጃ ውስጥ ያለ ዳቦ አንድ ወገኑ እንዳያር እንደሚዞረው ማለት ነው። ያዘዛት የለም። ከመጥረግና ከመወልወል ለይታም አታየውም። በሩ ላይ «ከተመራማሪው በቀር ናሙና የነካ ከሥራ ይሰናበታል» የሚል ማስታወቂያ ከተለጠፈ ዓመታት አልፈዋል፤ እሷ ግን ማዞር መንካት አይመስላትም ነበር። በዚያ ሳምንት ብቻ የተፈረመበትን ፕላስተር አክብራ እጇን ሰበሰበች።

ማታ ለባለቤቷ ነገረችው። ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው።

«ለጡረታሽ ሦስት ወር ነው የቀረሽ» አላት። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ልጅቷስ?»

«የተማሩት ይጨነቁላት። ለዚህ አይደል እንዴ የተማሩት?»

ሳቋ መጣ፤ ግን እንጀራውን ገፋ አደረገችው። «የተማሩትማ አያውቁም። የማውቀው እኔ ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ስትነሳ ነጩን ጋዎኗን ተኩሶ በሩ ላይ ሰቅሎት አገኘችው። ለብሳው ወጣች።

ስብሰባው ላይ ዶክተሮቹ በየተራ ተናገሩ። አንዱ በዘሩ አሳበበ፣ አንዱ በጨው፣ ሦስተኛው በቧንቧ ውሃው፤ እሱስ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ልጅቷ ጥፍሯን ታያለች። በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ ለኮሚቴው የተጻፈውን ደብዳቤ ሳበና ብዕሩን ከፈተ። ከመፈረሙ በፊት እንደ ልማዱ ወደ በሩ ዞረ።

«አልኮል አለ?»

«አለ» አለች እትዬ ብልቃጥ። «ሌላም ነገር አለ።»

ከወንበሯ ተነሳች። እጆቿን ጋዎኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ስለ ፋኑ፣ ስለ ኋላው ረድፍ፣ ስለ ማለዳው ነገረቻቸው። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

«ናሙና ነክተዋል ማለት ነው?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ነክቻለሁ።»

«በየቀኑ?»

«ከእሁድ በቀር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ፕሮፌሰር ከሆነ ወዲህ «እርስዎ» ስትለው ኖራለች። አሁን ግን የድሮው አጠራር ቀደማት። «አንተ የሽንኩርት ዘርህን ይዘህ ከመጣህበት ቀን ጀምሮ።»

የውሃ ማጣሪያው አንዴ ተንቦጫረቀ። በተከፈተው በር በኩል ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው የጥናቱ መስታወት ይታያል። አቧራውን ዘወትር ሐሙስ የምትወለውለው እሷ ናት።

«የእኔንም?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ያንተንማ ሁለቴ ነበር የማዞረው። ጥጉ ላይ አጨናንቀህ ትደረድራቸው ነበር።»

አንድ ዶክተር ሳቁ አምልጦት በሳል ሸፈነው። ፕሮፌሰሩ አልሳቀም። ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ተመለሰ። «አልቻሉበትም» ያላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እያስታወሰ ይመስላል። ብዕሩን ሳይፈርም ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እነሱ አልነበሩም ያልቻሉት» አለ በመጨረሻ። ወደ ልጅቷ ዞሮ «አሠራሩን እሳቸው እየነገሩሽ ዛሬውኑ ጻፊው፤ ለእነሱም እንልካለን። ከዚያ የእኔን እናርማለን» አላት። ዶክተሮቹ ወንበራቸውን ገፋ ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁ። እትዬ ብልቃጥ የፕላስቲክ ወንበሯን ይዛ መጣች፤ ከሌሎቹ ዝቅ ስለምትል ጠረጴዛው ደረቷ ላይ ደረሰ።

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ከፈተች። እትዬ ብልቃጥ ትነግራታለች፣ እሷ ትጽፋለች፤ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ረድፍ ወደ የት፣ ክዳኑ ውስጥ ጤዛ ሲታይ ምን እንደሚደረግ። ዶክተሮቹም ማስታወሻቸውን አወጡ።

«ሳህኖቹን ያዞሩት... ማን ብዬ ልጻፍ?» አለች ልጅቷ።

ፕሮፌሰሩ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። «እትዬ...» ብሎ ቆመ። ዶክተሮቹን አየ፤ ዶክተሮቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ሙሉ ስምዎን አላውቀውም።»

ደስም አላት፣ ከፋትም። ውሃ ጠጣች። ከዚያ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ነገረቻቸው።

«እስቲ ይድገሙልኝ» አለ ፕሮፌሰሩ። ለኮሚቴው የተጻፈውን ደብዳቤ ገልብጦ፣ ጀርባው ላይ ስሟን እየጻፈ ነበር።