ከጌንት የተላኩ ፎቶዎች

አማረ የአማቱን ሞት የሰማው እየሳቀ ሳለ ነው። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ አሜሪካ፣ ሲያትል ካለው ቤቱ ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በአንድ እጁ እየበላ፣ በሌላው ሚስቱ ከቤልጅየም፣ ከብሩዥ ከተማ የላከችለትን ቪዲዮ ያያል። ሠርካለም በአንድ አሮጌ ቦይ ዳር ቆማ ዳቦ ስትቆርስ፣ አንድ ትልቅ ነጭ ዝይ አንገቱን አስግጎ ያባርራታል። ጓደኛዋ ዘሪቱ መቅረጿን ሳታቋርጥ በሳቅ ትንፈራፈራለች። አማረ ለሦስተኛ ጊዜ ሊያየው ሲል ስልኩ ጮኸ። የደወለው ከአዲስ አበባ የሠርካለም ታናሽ ወንድም፣ ኪዳነ ወልድ ነው።

«አማረ፣ አባባ አረፉ» አለ። «አሁን፣ እዚህ ሊነጋጋ ሲል። ማታ ደህና አምሽተው፣ ራታቸውን በልተው...»

አማረ በእጁ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰ። አማቱ አቶ መልከጸዴቅ እሑድ ዕለት በስልክ «ይቺ ልጅ የፈረንጅ ድንጋይ ልታይ ሄደች አሉ፤ እዚህ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» ብለው ቀልደውበት ነበር። ሰው እንዲህ ቀልዶ በሦስተኛው ቀን ይሞታል? ይሞታል እንጂ። ሞት መች ቀጠሮ ይይዛል።

ሠርካለምን እናቷ ጥላት የሞተችው በአራት ዓመቷ ነው። ጸጉሯን ሠርተው፣ ትምህርት ቤት አድርሰው፣ ታማ ስታቃስት አብረዋት እያደሩ ያሳደጓት አባቷ ናቸው። ከሲያትል በየእሑዱ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። ይህ የቤልጅየም ጉዞ ለእሷ የመጀመሪያዋ ሽርሽር ነበር። ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ሊንውድ ውስጥ ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከባቸው፣ ብሩዥ የተወለዱ አንዲት ባልቴት አሉ። ግድግዳቸው ላይ የአገራቸው ከተሞች ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ይሰቅላሉ። ሠርካለም ስድስት ዓመት ሙሉ ወሩ ባለቀ ቁጥር ገጹን ስትገለብጥ፣ የደወል ማማውን፣ ጣራቸው እንደ ደረጃ የተሠራ ቤቶችን፣ ዳንቴል የሚሠሩ ሴቶችን ስታይ ኖራ፣ «አንድ ቀን በእግሬ እረግጠዋለሁ» አለች። የዓመት ፈቃዷን አጠራቅማ፣ የሥራ ባልደረባዋን ዘሪቱን አስከትላ፣ ለአሥራ ሁለት ቀን ሄደች። ዛሬ ገና አምስተኛ ቀኗ ነው።

«ቀብሩ መቼ ነው?» አለ አማረ።

«ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት። ዘመድ ከጎጃም እስኪገባ እንጠብቃለን። እሷን እንዴት እንደምታደርጋት አንተ ታውቃለህ።»

አማረ አላወቀም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ለእድራቸው ዳኛ ለጋሽ ተክለ ጻድቅ ደወለ።

«እግዜር ያጥናህ» አሉ ጋሽ ተክለ ጻድቅ። «ለመሆኑ ልጅቷ ሰምታለች?»

«አልሰማችም ጋሼ። ቤልጅየም ናት።»

«እንግዲያው እንዳትሰማ። በሰው አገር፣ ሆቴል ቤት ውስጥ፣ ማን ደግፏት ታለቅሳለች? ስትመለስ በወጉ፣ በጠዋት ሄደን እናረዳታለን።»

«ግን ጋሼ፣ ከብራስልስ አዲስ አበባ የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። ብነግራት ለቀብሩ ትደርሳለች።»

«ብቻዋን? አውሮፕላን ላይ ራሷን ብትስትስ? አንተ ሰው፣ አንዱን ሞት ሁለት ልታደርገው ነው?»

አማረ ተስማማ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የተስማማው ትንሽ ቶሎ ብሎ ነው። ወግ ነው፣ አባቶቻችን ያቆዩት ነው ማለት ይቻላል፤ ሰውየው ግን ያቺን አንዲት ቃል ለሚስቱ መናገር ፈርቶ ነበር። ሽማግሌው ፍርሃቱን የክት ልብስ አለበሱለት፤ አማረም ለብሶት ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሠራውን ሥራ ያየ ሰው ሌላ አማረ ነው ይላል። በሬኒየር ቫሊም በሴንትራል ዲስትሪክትም ሠፈሮች ያሉ ወዳጆችን አንድ በአንድ እየደወለ፣ ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል ማንም እንዳይለጥፍ አስማለ። ቤልጅየም እስኪነጋ ጠብቆ ለዘሪቱ ደወለ።

«ዘሪቱ፣ ብቻሽን ነሽ? ሶ፣ የሠርኬ አባት አርፈዋል። እስክትመለስ እንዳትሰማ ተባብለናል። ስልኳን ጠብቂልኝ። ሰው ኮል ካደረገላት አንቺ ቀድመሽ አንሺው። ሰማሽኝ?»

«እኔን ነው ጠባቂ የምታደርገኝ?» አለች ዘሪቱ። «አንቺን እንጂ ማንን?» አለ አማረ።

«ሰምቼሃለሁ» አለች።

«አደራ።»

«ኦኬ» አለችና ዘጋች።

ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ፣ አዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት በሆነበት ጊዜ፣ አማረ የሚነዳውን የከተማ አውቶብስ ከማንሳቱ በፊት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አሁን ሳጥኑ ይወርዳል፣ አሁን አፈር ይለብሳል እያለ አሰበ።  ሚስቱ በዚህ ሰዓት ምንም ሳታውቅ ደስ ብሏት እየዞረች ይሆናል። እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ ጻፈላት፦ «ዛሬ የት ነሽ? ምን በላሽ?»

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መልስ መጣ። «ጌንት። ቤተ መንግሥቱን እያየን ነው።» ተከትሎም ፎቶ መጣ፤ ውኃ መሀል የቆመ፣ ግድግዳው የጠቆረ፣ የጥንት ጌቶች ግንብ። አማረ «ዋው፣ ያምራል!» ብሎ የልብ ምልክት ላከ። ከላከው በኋላ ጣቱን አየው። ይህን የጻፈው ይህ ጣት ነው? ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸት ሲናገር ጆሮው የሚቀላ ሰው፣ አሁን መስታወት ቢያይ ጆሮው እንኳ አልቀላም። ደነገጠ። ግን መሪውን ይዞ ሄደ።

በቀጣዮቹ ቀናት ፎቶው እንደ ጉድ ጎረፈ። የሜኸለን ካቴድራል፣ የሌቨን ማዘጋጃ ቤት ከነሐውልቶቹ፣ አንድ ጠባብ ጎዳና፣ አንድ ድልድይ፣ ብስክሌት፣ የአበባ ማሰሮ። አማረ በመስመሩ መጨረሻ ባለችው የዕረፍት ደቂቃ እያየ «አየሩ እንዴት ነው?» ይላል። «ደህና ነው» ትላለች። ቪዲዮ ኮል ላድርግ ሲላት «ኔትወርኩ አይዝም» ትለዋለች። እሱም እፎይ ይላል፤ ፊቷን ቢያይ ምን ሊያደርግ ነው? ፎቶዎቹ ውስጥ እሷ አለመኖሯን አስተውሏል። «የምታነሳው እሷ ስለሆነች ነው» አለ ለራሱ። ኪዳነ ወልድም ሲደወልለት «ደህና ነን፣ ተመስገን» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። አማረ ይህንንም «ኀዘን ነው» ብሎ አለፈው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ማምሻ ላይ ሁለቱን ሴቶች ከኤርፖርት ተቀበላቸው። ሠርካለም ራሷን በሻሽ አስራለች። ከስታለች። አቀፋት፤ ታቀፈችለት፣ እሷ ግን እጇን አላነሳችም። ዘሪቱን ቤቷ አወረዷት። በመንገድ ላይ ሠርካለም መንገዱን ትታ እሱን፣ የፊቱን ጎን ብቻ ታያለች። ቀይ መብራት ላይ በቆሙ ቁጥር ወደ እሱ ዞር ትላለች። አማረ ጸጥታው አስጨንቆት «ቸኮሌት አመጣሽ?» አለ። «አመጣሁ» አለችው። ቤት እንደገቡ ደክሞኛል ብላ የእንግዳ መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

በነጋታው፣ ሰማዩ ገርጥቶ ገና መልክ ሳይዝ፣ ስምንት መኪኖች መብራታቸውን አጥፍተው መንገዱ ዳር ፓርክ አደረጉ። ውሻውን ሊያናፍስ የወጣው ጎረቤት ነጠላ የለበሱ ሰዎች በጣት እየተራመዱ ሲጠጉ አይቶ ፖሊስ ሊጠራ ስልኩን አወጣ፤ አማረ ሮጦ «ፋሚሊ፣ ፋሚሊ!» ብሎ ስልኩን ወደ ኪሱ አስመለሰው። እትዬ ማንአልሞሽ የንፍሮውን ድስት በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ገና በረንዳው ሥር ሳሉ ቀስ ብለው ማልቀስ ጀምረዋል። ጋሽ ተክለ ጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጣታቸውን ወደ በሩ ሰደዱ።

ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ።

ሠርካለም ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች። ሻሿ የለም፤ ጸጉሯ እስከ ሥሩ ተላጭቷል። ከኋላዋ ሳሎኑ ተጠርጎ፣ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ ፍራሽ ተነጥፏል። የአባቷ ፎቶ ፊት ሻማ በርቷል።

«ግቡ» አለች። «ብርድ ላይ አትቁሙ።»

ጋሽ ተክለ ጻድቅ የገቡት ያዘጋጁትን ቃል እንደያዙ ነው፤ ሰው የተሸከመውን ዕቃ ማውረጃ ሲያጣ እንደሚሆነው ሆኑ። «ልጄ ሠርካለም፣ እንግዲህ ሰው ሆኖ... አባትሽ...»

«አይድከሙ ጋሼ። አባቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት።»

እትዬ ማንአልሞሽ የጀመሩትን ልቅሶ አቋረጡ። ከኋላ ያሉት በትክክል ያልሰሙ መስሏቸው ወደፊት ተጠጉ። «ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው» አሉ እትዬ ማንአልሞሽ በሹክሹክታ። ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱ በሳቅ ይሞላ ነበር። አሁን ግን እሳቸው የንፍሮውን ድስት ከፎጣው ሳይፈቱ ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

አማረ ሰዎቹን ገፍቶ ወደ ፊት ወጣ። «ምን ማለትሽ ነው? ጌንት አልነበርሽም? ሐሙስ ዕለት...»

«ጌንት የነበርኩት ረቡዕ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ዘሪቱ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ነገረችኝ። ማታውኑ ተሳፈርኩ። ጠዋት አዲስ አበባ ገባሁ። ፎቶውን ከዚያ ወዲያ ዘሪቱ እየዞረች ትልክልኛለች፣ እኔ ለአንተ አሳልፋለሁ። ትናንት ጠዋት ብራስልስ ላይ ተገናኝተን አብረን ተሳፈርን።»

ሁሉም ከመርዶ ነጋሪዎቹ ጋር ወደመጣችው ዘሪቱ ዞረ። ዘሪቱ በሩ አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ አንገቷን አልደፋችም።

«ጠባቂ አድርገህ የመረጥከው እሷን ነው?» አለች ሠርካለም። «እናቷ ሞታ፣ ትምህርቷን እስክትጨርስ ተብሎ ተደብቆባት፣ ሰባት ወር ሙሉ ለሞተች እናቷ የደም ግፊት መድኃኒት የላከችውን ዘሪቱን? አንተም ታውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። ሊያረዷት ከመጡት መሀል እኔም ነበርኩ። 'ደግ አደረግን' ብዬ ነው ቤቴ የገባሁት። ለዚያ እሷን ይቅርታ ጠይቄያለሁ።»

አማረ ያንን ጨርሶ ረስቶት ነበር። ዘሪቱን ሲመርጥ ያ ነገር በሐሳቡ ጫፍ እንኳ አላለፈም። ይህ ከሁሉ ይልቅ አስደነገጠው።

«ወንድምሽ ለምን አልነገረኝም?» አለ።

«አስምዬው ነው። አንተ ሰው ሁሉ አስምለህ የለ?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሳጥኑ ሲወርድ ስልኬ ጮኸ። 'ዛሬ የት ነሽ፣ ምን በላሽ' ትላለህ። አፈሩን በአንድ እጄ በትኜ በሌላው መለስኩልህ። ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሣልስቱ አለፈ፣ ጠበቅሁ። ኤርፖርት ጠበቅሁ። መኪና ውስጥ፣ በየቀይ መብራቱ፣ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ብዬ ዓይንህን አየሁ። አንተ ቸኮሌት ጠየቅኸኝ።»

«ለአንቺው ብዬ ነው፤ እንዳትጎጂ...»

«አውቃለሁ ለእኔ ብለህ እንደሆነ። ክፉ ሰው ብትሆን ቀላል ነበር። ዘሪቱ ባትነግረኝ አባቴ ሲቀበር ከዝይ ጋር ስጫወት ነበር የሚገኘው ፎቶዬ፤ አንተም የልብ ምልክት ትሰጠው ነበር።»

አንዲት ሴት ከጥግ መንሰቅሰቅ ጀመረች፤ ለማን እንደምታለቅስ እሷም አላወቀችም። ጋሽ ተክለ ጻድቅ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። ሠርካለም እጃቸውን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ መጥታ አማረ ፊት ቆመች። ሃያ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ እንዲህ ትኩር ብላ፣ እንደማታውቀው ሰው አይታው አታውቅም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «የደበቅከኝ ሌላ ነገር አለ?»

አማረ አሰበ። የልቡን ጓዳ ጎድጓዳ ሁሉ ፈተሸ። ምንም አላገኘም።

«የለም» አለ። እውነቱን ነበር። ቃሉ ግን ከአፉ ሲወጣ ሰማው፤ «አየሩ እንዴት ነው» ያለበት ያው ድምፅ ነው፤ ያው ለስላሳ፣ ያው የማይቀላ ጆሮ።

ሠርካለም ፊቱን ትንሽ አየችው። ከዚያ እውነቱን ወደነገረቻት፣ በሩ አጠገብ ወደቆመችው ጓደኛዋ ዞረች።

«ዘሪቱ» አለች፣ «እውነቱን ነው?»